የፍሬን ጩኸት ምንድን ነው?

«ፍሬን ከጮኸ ሸራው አልቋል፤ ካልጮኸ አትንካው።» ሰሞኑን አንድ ሰው ይህን ምክር በሙሉ ልብ ሲሰጥ አየሁ። ብዙ ሾፌርም ያምንበታል። የመጀመሪያው ግማሽ ገንዘብ ያስጨርሳል። ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ሰው ይገድላል።

ጩኸቱ ንዝረት ነው። ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት፣ ዲስኩን፣ ተጭኖ የሚያቆመው ክፍል ነው፤ ዲስኩ ላይ ግን ወጥ ሆኖ አይንሸራተትም። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል፤ በሰከንድ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ። ለወሎ ሰው የማሲንቆ ምሳሌ ይበቃል። ደጋኑ ጭራውን ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ነው የሚዘፍነው። ሸራው ደጋኑ፣ ዲስኩ ጭራው፣ የላላው ካሊፐር (ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ደግሞ ድምፁን የሚያጎላው ቆዳ ነው። እንግዲህ ደጋኑን ዘይት ቀቡት። ማሲንቆው ጸጥ ይላል፤ ደጋኑ መያዝ አቅቶታልና። ሸራ ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ «አስተካከልኩት» የሚል ሰው የሠራው ይህንኑ ነው። ጩኸቱን ያጠፋው መኪናውን የሚያቆመውን ነገር አጥፍቶ ነው።

ምክሩን የሰጠኸው ወንድሜ፣ ያልከው የሚሠራበት ቦታ አለ። አንዳንድ ሸራ ሳስቶ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ዲስኩን የሚነካ ቀጭን ብረት አለው። ሆን ተብሎ እንዲጮህ የተሠራ ነው። ግን ሁሉም ሸራ ይህ ብረት የለውም። ስለዚህ ዝም እንዳለ የሚያልቅ ሸራ አለ። በተቃራኒው ደሴ ላይ ጉምና ጤዛ ያደረበት ዲስክ ስስ ዝገት ይዞ ጠዋት ይጮሃል። ጥቂት ጊዜ ሲረገጥ ይለቀዋል። ለዚህ ሸራ አይቀየርም።

የሚያስፈራኝ ዝም የሚለው ፍሬን ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ500 ሜትር በላይ ያወርዳል። ፔዳሉን እንደረገጡ ሲወርዱ ሸራው ይግላል፣ መያዙም ይቀንሳል። የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ያኔ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ጩኸት ላይሰማ ይችላል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፦ ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ከገባበት ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቁልቁለቱን በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረዱ፤ ፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ መልቀቅ፣ አይታሰብም። የማወራው ስለ ዘይት ፍሬን ነው። የሲኖትራክ የአየር ፍሬን ሌላ ነገር ነው።

ከጮኸ ጎማውን አውልቁና ሸራውን ለኩት። ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ የግራና የቀኙ አብረው ይቀየሩ። ወፍራም ሆኖ ፊቱ ካብረቀረቀ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርጋችሁ ፈትጉት። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አጽዱና ሙቀት የሚችል የፍሬን ግራሶ ቀቡ። ግራሶው ለፒኑና ለሸራው ጀርባ ብቻ ነው፤ የሸራው ፊት ጋ እንዳይደርስ። ብረት ከብረት ሲፋቅ የሚሰማ ከሆነ ግን መኪናው ከቆመበት አይነሳ።

ሳትጠይቁኝ አንድ ልጨምር። የኋላውን ታምቡር (በዲስክ ፈንታ ሸራው ከውስጥ የሚጫነውን ከበሮ መሰል ብረት) ስትከፍቱ አቧራውን በኮምፕሬሰር አታራግፉት። አሮጌ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ እሱ ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት።