የካንጋሮ እንክብካቤ ምንድን ነው?

ያለ ጊዜያቸው ወይም ከ2,500 ግራም በታች ሆነው የተወለዱ ሕፃናት እናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ተጣብቀው በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት የሚቆዩበት፣ የእናት ጡት ወተት የሚመገቡበት ሕክምና ነው። ኢንኩቤተር (ሕፃናትን የሚያሞቅ ሣጥን) ሲጠፋ ብቻ የሚሞከር መላ አድርገው የሚያዩት ዛሬም አሉ።

ጅምሩ እርግጥ ከእጥረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ኢንኩቤተር ቢያጥራቸውና በአንዱ ውስጥ የተዳበሉ ሕፃናት በኢንፌክሽን ቢያልቁባቸው ጨቅላዎቹን ለእናቶቻቸው ደረት ሰጡ። በ2021 የታተመ፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገ ጥናት ግን ነገሩን ከእጥረት አወጣው። ከ1,000 እስከ 1,799 ግራም ከሚመዝኑት መካከል፣ እስኪረጋጉ ድረስ ተለይተው ከቆዩት ከ100ው 15.7፣ እንደተወለዱ ወዲያው ከታቀፉት ደግሞ 12 በ28 ቀን ውስጥ ሞቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ሳይጠበቅ እንዲጀመር መክሯል። በራሱ የማይተነፍስ ወይም ሾክ (የደም ዝውውር ክፉኛ መዳከም) ውስጥ ያለ ሕፃን ግን ቅድሚያ ሌላ ሕክምና ያስፈልገዋል።

ትንሽ ሕፃን ቆዳው ስስ፣ ስቡ ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይበርደዋል። ሲበርደው ማደጊያ ጉልበቱን ለመሞቂያ ያውለዋል፤ ስኳሩ ይወርዳል፤ ትንፋሹም ይደክማል። በብብት ሲለካ ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት።

አያያዙ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ለብሶ በጡቶቿ መካከል ቀጥ ብሎ፣ ደረት ለደረት ይቀመጣል። ራሱ ወደ አንድ ጎን ዞሮ ጥቂት ቀና ይላል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ይታጠፋሉ። ከዚያ በነጠላ ወይም በሚለጠጥ ጨርቅ ይታሰራል፤ የላይኛው ጠርዝ ከጆሮው ሥር ይደርሳል፤ ደረቱ ላይ ጠበቅ፣ ሆዱ ላይ ላላ ይላል። ሆዱ ከተጨመቀ እንደ ልብ አይተነፍስም። አንገቱ ወደ ፊት ከታጠፈ የአየር ቧንቧው ይዘጋል፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። እናት ስትተኛም ጀርባዋን በትራስ ደግፋ ጋደም ትላለች እንጂ ሙሉ በሙሉ አትዘረጋም።

ከ34 ሳምንት በፊት የተወለደ ሕፃን መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ማቀናጀት ብዙ ጊዜ ይቸግረዋል። ስለዚህ እናት ወተቷን በእጇ ጨምቃ በትንሽ ስኒ ትሰጠዋለች፤ መዋጥ ካልቻለም በቱቦ ይመገባል። በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ኪሎ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃል፤ 1.5 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በየ3 ሰዓቱ 11 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። እንገሩ እንዲህ ጥቂት ሲሆን «ወተቷ አልመጣም» ተብሎ ቅቤ ማላስ ወይም ስኳር በውኃ ማጠጣት ይጀመራል፤ ገና ላልበሰለ አንጀት ግን ሁለቱም አደጋ ናቸው። የወተቱ መጠን በየቀኑ ይጨመራል። ሕፃኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መክሳቱ ያለ ነው፤ ከዚያ በኋላ በኪሎ በቀን 15 ግራም ገደማ መጨመር ይኖርበታል።

ብዙ ቦታ ሥራው የሚከሽፈው በሚታቀፍበት ሰዓት ማነስ ነው። እናት ማዋለጃ ክፍል፣ ልጅ ሙቀት ክፍል ተኝተው፣ አንድ ሰዓት አቅፋ ስትመልሰው የካንጋሮ እንክብካቤ ተደረገ ይባላል። በአምስቱ አገሮች ጥናት እናቶቹ ከልጆቻቸው ጎን አልጋ ስለነበራቸው በቀን ወደ 17 ሰዓት ማቀፍ ችለዋል። አልጋ፣ ምግብና መታጠቢያ ሳይሰጡ እናትን «አልታዘዘችም» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። ስትደክም ወይም ከኦፕራሲዮን ስታገግም አባት ወይም አያት ይተኳታል።

ቤት ከገቡም በኋላ ሕፃኑ 2,500 ግራም እስኪደርስ ወይም እየተራገጠ አልታቀፍ እስኪል ይቀጥላል። ትንፋሹ ከ20 ሰከንድ በላይ ከቆመ (ጀርባውን እያሹ)፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ታቅፎም ከቀዘቀዘ ወይም መዳፉና እግሩ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል፤ በመንገድም ላይ እዚያው ደረት ላይ እንደታሰረ ይሂድ።