የክብ ጭፈራ በጣና ዳርቻ

የክብ ጭፈራ ሰዎች አንድን ስፍራ ከበው በአንድ ዜማና በአንድ ምት የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረው የሰርቢያው ኮሎ ተጫዋቾቹ ተያይዘው የሚዞሩበት ነው። በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ግን ሰው አይያያዝም፤ እጅ ለጭብጨባ ይፈለጋል። ክቡም ራሱ እየዞረ አይጨፍርም፤ መሃሉን ባዶ ትቶ ሰው እስኪገባበት ይጠብቃል።

ሥርዓቱ በደንብ የሚታየው ሰርግ ቤት ዳስ ውስጥ ነው። ከበሮው ይመታል፣ አውጪው ግጥሙን ይጥላል፣ ተቀባዩ በአንድ ድምፅ ይመልሳል። ከዚያ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ገጥመው እስክስታ ይወርዳሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ይጠያየቃል፣ አንገት ይመልሳል። የደከመው ወጥቶ ከሚያጨበጭበው ጋር ይቀላቀላል፣ ሌላው ይተካል። ዓይን አፋሩን ጓደኞቹ ገፍተው ያስገቡታል። አንዲት አሮጊት ብድግ ብለው የገቡ እንደሆነ እልልታው ዳሱን ያናውጠዋል። ሸላዩም ቢሆን ዱላውን ይዞ እየተንጎራደደ የአባቶቹን ጀግንነት ቆጥሮ ሲያበቃ ወደ ዳር ይመለሳል። የክቡን ትርጉም ከዚህ ራቅ አድርጎ መፈለግ አያስፈልግም ብዬ አምናለሁ፤ መሃሉ ለማንም የማይቀር የውሰት ቦታ ነው፤ በዳር የሚያጨበጭበውም ተመልካች አይደለም፤ እሱ ዝም ካለ በመሃል ያለው ትከሻ ይቆማል።

በነሐሴ አጋማሽ የቡሄ ልጆች ይህንኑ በትንሹ ይደግሙታል። አውጪው ሆያ ሆዬ ሲል ሌሎቹ ከበውት መሬቱን በዱላ እየደበደቡ «ሆ!» ይላሉ።

ክብ በጣና ዳርቻ የጭፈራ ብቻ ቅርጽ አይደለም። በዘጌ የምትገኘው ኡራ ኪዳነ ምሕረትና በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ክብ ናቸው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ በመጨረሻም አራት ማዕዘን መቅደስ ይገኛል። በክብረ በዓል ታቦት ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ የመስቀል ደመራም እንዲሁ ሦስት ጊዜ ይዞራል። መዘምራኑ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው ፊት ለፊት ተሰልፈው ሲወርቡ ከበሮ ያነገቱት በመካከላቸው ይዞራሉ። ይህን ጭፈራ ማለት ነውር ነው፤ ለእነርሱ አገልግሎት ነው። ያም ሆኖ ከቅዳሴ የወጣው ምእመን ለሰርጉ ዳስ ሲደርስ እግሩ አዲስ ቅርጽ አያገኝም።

ሁለቱ በግልጽ የሚገናኙት በጥምቀት ነው። ጥር 10 በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ካህናቱ ከፊት ይወርባሉ፤ ከኋላ ደግሞ የየሰፈሩ ወጣት የራሱን ክብ ይሠራል። ይህ ክብ ሂያጅ ነው፤ ታቦቱ ሲቆም ይጠብቃል፣ ሲንቀሳቀስ ተበትኖ ጥቂት እርምጃ ወደፊት እንደገና ይገጥማል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውም ያለምክንያት አይደለም፤ ክቡ ኮረዳና ጎረምሳ በሰው ፊት፣ በወግ የሚተያዩበት ነው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ዛሬ ወደ ባሕር ዳር የመጣ እንግዳ እስክስታን ብዙ ጊዜ የሚያየው በባህል ምሽት ቤቶች መድረክ ላይ ነው። መድረክ ክቡን በአንድ ጎን ይከፍተዋል፤ ተወዛዋዡ ፊቱን ወደ ተቀማጩ ያዞራል። የትከሻው ጥበብ ብዙ ጊዜ ከሰፈር ጭፈራ የበለጠ የተራቀቀ ነው፤ የሚጎድለው ተራ ማድረሱ ነው፣ ይህም ያሳዝነኛል። ማሲንቆ በሚመታበት ቤት ግን አሮጌው ልማድ አልሞተም። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ለአዝማሪው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪውም ተቀብሎ ያዜመዋል። ተወዛዋዧ ወደ ጠረጴዛው ቀርባ በትከሻዋ ትጠራለች። እንግዳው ገንዘብ ግንባሯ ላይ ለጥፎ ሊቀመጥ ይችላል፤ ከተነሣ ግን ወንበሮቹ ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ ጭብጨባው ከየማዕዘኑ ይጀምራል፣ ክቡም ይዘጋል።