ዴንሲቲ አልቲቲዩድ ምንድን ነው?
ከድሬዳዋ ተነሥቶ የደንገጎን ዳገት የወጣ መንገደኛ አየሩ እየቀዘቀዘና እየሳሳ መሄዱን በገዛ ትንፋሹ ያውቀዋል። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,167 ሜትር ያህል ሲሆን ሐረር ደግሞ ወደ 1,885 ሜትር ትጠጋለች። ይሁንና የቀትሩ ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ፣ በድሬ ሜዳ የቆመ አውሮፕላን የሚያገኘው አየር በመደበኛው ስሌት 2,200 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለው አየር የሳሳ ይሆናል፤ ከመሬት ሳይነሣ ከሐረር በላይ ወጥቷል እንደ ማለት ነው። በአየሩ እፍጋት የሚሰላው ይህ ከፍታ ዴንሲቲ አልቲቲዩድ ይባላል።

አየር ሲሳሳ የሞተር ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት። ለመንገደኛ አውሮፕላን ይህ በዋናነት ረዘም ያለ መንደርደሪያ ማለት ነው። አውሮፕላኑን ወደ ላይ አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ ቁልቁል እየመለሰ በሰማይ ላይ ቀለበት ለሚሠራ የትርኢት አብራሪ ግን ነገሩ እጅግ ይከፋል። የፍጥነት መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ከወትሮው ፈጥኖ እየበረረ ሳለ የለመደውን ቁጥር ያሳየዋል። የቀለበቱ ስፋት ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ፣ በባሕር ጠለል የሚሠራው ቀለበት በዚያ የሳሳ አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይሰፋል፤ የሚሰፋውም ወደ መሬት ነው።

አንጋፋ አብራሪዎችን በተለይ የሚያሰጋቸው፣ በእኔ እምነት፣ በአንድ ሜዳ የተቀረጸ የዓይንና የእጅ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ማውንቴን ሆም የአየር ኃይል የትርኢት ቡድን አብራሪ ዝቅ ባለ ስፍራ በሚገኘው የዘወትር የጦር ሰፈሩ ወደለመደው የከፍታ ቁጥር በቅጽበት በመመለሱ፣ በ2,500 ጫማ ፈንታ በ1,670 ጫማ ላይ ቁልቁል ጀመረ፤ በመቀመጫው ተወርውሮ ቢተርፍም አውሮፕላኑ ተከስክሷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ ሾርሃም የደረሰው ግን ዘግናኝ ነበር፤ ቢያንስ 3,500 ጫማ መድረስ የነበረበት ቀለበት ጫፉ 2,700 ጫማ ላይ ቀርቶ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ የነበሩ 11 ሰዎች ሞቱ።

ሁለቱም አደጋዎች በሙቀት ሳቢያ የደረሱ አይደሉም፤ የጎደለው ከፍታ ግን ያው ነው። ስለዚህ ከቀለበቱ ጫፍ ላይ መገኘት ያለበት ዝቅተኛ ከፍታ ለየሜዳውና ለየሰዓቱ ሙቀት እንደ አዲስ መሰላት አለበት። ጫፉ ላይ ሲደረስ ከፍታው ካልሞላ፣ አብራሪው ቁልቁሉን ትቶ አውሮፕላኑን በጎኑ አሽከርክሮ ማቃናት ይችላል፤ በሾርሃም ይህ ዕድል ከጫፉ በኋላ እስከ 4 ሴኮንድ ድረስ እንደነበረ መርማሪዎቹ በሙከራ በረራ አረጋግጠዋል።