እርሾ ለፈረስ፦ የሚባለውና እውነቱ

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ውርጩ ሳይለቅ ጋሪ ፈረሶች ተደርድረው ሲቆሙ፣ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ መኖ ነው። የድርቆሽ ዋጋ፣ የፉርሽካ ዋጋ፣ ሰሞኑን ደግሞ «ሕያው እርሾ» የሚባለው ዱቄት። በውጭ አገር ለፈረስ ከመኖ ጋር ይሰጣል፤ የበላው በደንብ እንዲፈጭለት ያግዛል ይባላል። ሥራዬ የእንስሳት ሕክምና ስለሆነ ስልክ ላይ ያዩት ባለጋሪዎች ወደ እኔ ይመጣሉ። ከሚሉኝ ውስጥ ግማሹ ልክ ነው፤ ችግሩ ያለው በሌላው ግማሽ ላይ ነው።

«እርሾው ጭዱን ይፈጨዋል።»

አይፈጭም። ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲዬ የሚባለው ይህ ረቂቅ ፍጥረት የሚወደው ስኳር ነው፤ የጭድን አሰር መስበር አይችልም። አሰሩን የሚሰብሩት በፈረሱ ትልቅ አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችና ሌሎች ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። እርሾው ቢሳካለት ሰፈሩን ያመቻችላቸዋል፦ አሲድ እንዳይበዛባቸው ያግዛል፣ ላክቲክ አሲድን የሚበሉትን ያበረታል። አራሹ እሱ አይደለም፤ ለአራሹ ምሳ የሚያደርስ ልጅ በሉት።

«ለከብት ከጠቀመ ለፈረስም ይጠቅማል፤ ሁለቱም ሣር በል ናቸው።»

በሬ የበላው ሣር መጀመሪያ የሚያርፈው ተሕዋስያኑ በሚኖሩበት ትልቅ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ከዚያ መልሶ ያመሰኳዋል። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ትንሽ ነው፤ በትልልቆቹ የፈረንጅ ፈረሶች እንኳ 15 ሊትር ገደማ ቢይዝ ነው። መኖው እዚያ ብዙ ሳይቆይ ወደ ቀጭን አንጀት ያልፋል፤ ስታርቹ (የእህሉ ዱቄታማ ክፍል) እና ፕሮቲኑ በአብዛኛው እዚያ ይወሰዳል። የጭድና የድርቆሽ አሰር የሚብላላው ከሁሉ በኋላ፣ በትልቁ አንጀት ነው። ስለዚህ በበሬ ሆድ ውስጥ እርሾው ገና እንደገባ ሥራ ይጀምራል፤ በፈረስ ግን የጨጓራውን አሲድና ያንን ሁሉ ሜትር አንጀት በሕይወት ማለፍ አለበት። ከፊሉ ያልፋል። ቢያልፍም እዚያ ቤት ሠርቶ አይቀመጥም፤ ከፋንድያው ጋር ይወጣል። «አንዴ ከሰጠሁት ሆዱ ውስጥ ይራባል» የሚለውም በዚሁ ይወድቃል፤ በየቀኑ ካልተሰጠ ከንቱ ነው።

«አተላ እያለልን እርሾ መግዛት ምን ይባላል?»

ይህን ያሉኝ ጠላ የሚጠምቁ እናት ናቸው። «ልጄ፣ የእኔ አተላ እርሾ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። የሞኝ ጥያቄ አይደለም፤ ጠላ ውስጥ ያው የእርሾ ዝርያ ይገኛል። ነገር ግን አተላው ከጋን ጋን ይለያያል፤ አልኮልም፣ ኮምጣጣነትም፣ ጌሾም አለበት፤ ስንት ሕያው እርሾ እንደያዘ የሚያውቅ የለም። የአረቄ አተላ ደግሞ እሳት ላይ ፈልቶ የወጣ ነው፤ እርሾው ሞቷል። የሞተ እርሾ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ፕሮቲንና የቢ ቪታሚኖች አሉት፤ ግን የሕያውን ሥራ አይሠራም። አተላ ሲያድር ይሻግታል፤ ፈረስ ደግሞ የጎዳውን ማስመለስ አይችልም። ሻጋታውን ውጦ መቅረቱ ነው።

የዳቦ እርሾስ? ዝርያው አንድ ነው፣ ዘሩ ግን ይለያል። የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ገብስ ሁሉ ገብስ ነው፤ ግን ለቆሎ ሰነፍ ገብስ ይፈልጋል እንጂ ያገኘውን አይቆላም። ለእንስሳት የሚሸጠው ተመርጦ፣ በአንድ ግራም ውስጥ ስንት ሕያው ሕዋስ እንዳለ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። ያንን ያልጻፈ ዕቃ አልገዛም። ትኩስ ቅቅል ላይ የሚነሰንሱም አይቻለሁ፤ ሙቀቱ ገደለው ማለት ነው።

«እርሾ ከሰጠሁ ገብስ ባበዛለትም አይጎዳውም።»

ከሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ስታርች የበዛበት መኖ በሚበሉ ፈረሶች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ ሕያው እርሾ የትልቁ አንጀት አሲድ እንዳይጨምር በመጠኑ እንደረዳ ታይቷል። በመጠኑ ነው። በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ስታርች ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 ግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ 2 ግራም ድንበሩ ነው። ፈረሱ 220 ኪሎ ቢሆን፣ ከገብስ ግማሽ ያህሉ ስታርች ስለሆነ፣ በ1 ግራሙ ስሌት በአንድ ጊዜ 440 ግራም ገብስ ገደማ ይበቃዋል። ከሥራ ሲገባ ሁለት ኪሎ ገብስ አንድ ላይ የሚያፈስ ሰው ድንበሩን ከእጥፍ በላይ አልፏል። የተረፈው ስታርች ትልቁ አንጀት ገብቶ ይቦካል፤ ቁርጠትና የሰኮና መቆጣት ከዚያ ይመጣል። ያንኑ ገብስ ከፋፍሎ፣ ከድርቆሽ በኋላ መስጠት ሳንቲም አያስወጣም።

ታዲያ የመኖውን መፈጨት ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? አንዳንዱ ጥናት የአሰሩ መፈጨት ጨመረ ይላል፣ ሌላው ምንም ለውጥ አላየሁም ይላል፤ ውጤቱ በመኖው፣ በእርሾው ዘርና በመጠኑ ይለዋወጣል። «ተአምር» የሚለውም «ማጭበርበር» የሚለውም ቸኩሏል።

«ፋንድያው ውስጥ ሙሉ ገብስ ካየሁ እርሾ ጎድሎታል።»

አንድ ባለጋሪ ዳማ ፈረሱን ይዞ መጣ፤ የእርሾ ብር ቋጥሮ። ፋንድያውን በእንጨት በተንነው፤ ገብሱ እንደ ተዘራ ፍሬው ሳይሰበር ወጥቷል። አፉን ከፍተን በባትሪ አየን። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በጉንጩ በኩል እንደ ማጭድ ሾሎ፣ ጉንጩን አቁስሎታል። የፈረስ ጥርስ ዕድሜ ልኩን እየወጣ እየተፋገ የሚሄድ ስለሆነ፣ እኩል ካልተፋገ እንዲህ ይሾላል። ያመመው ፈረስ አያኝክም፤ ያልታኘከ ገብስ ደግሞ ለእርሾም ለማንም አይበገርም።

በሞረድ አስተካከልንለት፤ ገብሱንም ከክቶ እንዲሰጠው ነገርኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሱ ፋንድያ በላስቲክ ቋጥሮ መጣና ጠረጴዛዬ አጠገብ በተነው። ሦስት ፍሬ ቆጠርን።