ቁመቱ ያልደረሰ ልጅ ይዞ መሄድ፦ «ራይደር ስዊች» ምንድን ነው?

ፍሎሪዳ ወዳለው የመዝናኛ ፓርክ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ፣ ትንንሽ ልጆች ይዘው ሊሄዱ ያሰቡ ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፦ «ትንሹ ቁመቱ ካልደረሰ ከእኛ አንዳችን ጨዋታው ሊቀርብን ነው?» አይቀርባችሁም፤ ወላጆች ተራ በተራ የሚጫወቱበት «ራይደር ስዊች» የሚባል አሠራር አለ።

መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር እንለይ። የመግቢያ ትኬት የሚታየው በዕድሜ ነው፤ ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ በነጻ ይገባል። መጫወቻው ላይ መውጣት ግን በቁመት ነው። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው መጫወቻ ለምሳሌ ቢያንስ 112 ሴንቲ ሜትር ይጠይቃል። «እኔ እይዘዋለሁ» ማለት አይሠራም፣ የወላጅ ልመናም ቢሆን።

አሁን እናት፣ አባት፣ ቁመቷ የደረሰ የ8 ዓመት ልጅና የ2 ዓመት ወንድሟ አሉ እንበል። አራቱም አብረው መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ራይደር ስዊች እንደሚፈልጉ ይነግራሉ። አባት ከትልቋ ጋር ይሰለፋል፤ እናት ከትንሹ ጋር ውጭ ትቆያለች። እነሱ ሲወጡ አባት ትንሹን ይረከባል፣ እናት ረጅሙን ሰልፍ ሳትጠብቅ በአጭሩ መስመር ትገባለች። ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ብዙ ሰው ሰልፍ መዝለያ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ አባት ሰልፉን ጠብቆ ነው የገባው።

አሠራሩ ግን ከፓርክ ፓርክ ይለያያል። ሌላው የመዝናኛ ፓርክ ዩኒቨርሳል ኦርላንዶ «ቻይልድ ስዋፕ» ይለዋል፤ እዚያ ቤተሰቡ በሙሉ አብሮ ተሰልፎ መሳፈሪያው አጠገብ ባለ ማቆያ ክፍል ይቀያየራል። ከሁለተኛው ወላጅ ጋር ስንት ሰው መግባት እንደሚችል እዚያው በሩ ላይ ጠይቁ፤ ትልቋ ሁለቴ የመጫወት ዕድል ልታገኝ ትችላለች።