የበለስ «ዝርያ» ምንድን ነው? ስሙስ ለምን ይምታታል?

ጅማ ላይ «በለስ አለኝ፣ ቆርጬ ልስጥህ» የሚል ሰው ከተገኘ፣ መጀመሪያ የትኛውን በለስ እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው። ከሰሜን የመጣ ሰው በለስ ሲል እሾሃሙን የቁልቋል ፍሬ ማለቱ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢው አዳምና ሔዋን ቅጠሉን የሰፉትን ዛፍ ያስባል። ሌላው ወንዝ ዳር ያለውን ሾላ ያሳያል፤ በኦሮምኛ ሀርቡና ኦዳ የሚባሉት ከዚያ ወገን ናቸው። ቁልቋል ለእውነተኛው በለስ፣ ለመጽሐፍ ቅዱሱ፣ ዘመዱም አይደለም፤ ሾላና ዋርካ ግን የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው።

ይህን ልዩነት ቅጠል አይቶ ማወቅ ይቻላል። የሚከብደው ቀጣዩ ጥያቄ ነው፦ ዛፉ እውነተኛው በለስ ሆኖ፣ ዝርያው የትኛው ነው?

የበለስ ዝርያ ማለት ከአንድ ዛፍ እየተቆረጠ የተባዛ ማለት ነው። ከዘር የበቀለ በለስ እናቱን አይመስልም። ስለዚህ ሰው ፍሬውን የወደደለትን ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ይተክላል። ከዚያ የበቀለውም፣ ከእሱ ደግሞ የተቆረጠውም ያው የመጀመሪያው ዛፍ ነው፤ ባለሙያዎች ክሎን ይሉታል። ከእንሰት አምቾ ችግኝ ለሚያፈላ ገበሬ ይህ እንግዳ አይደለም።

እንጨቱ ባሕርዩን ይዞ ይሄዳል፤ ስሙን ግን አይዝም። ቅጠሉ የረገፈ ቁራጭ ሁሉ ግራጫ ዱላ ነው። ሦስት እጅ ከተቀባበለ በኋላ ስሙ የጠፋበት ሰው በሰጪው፣ በሰፈሩ ወይም በፍሬው ቀለም ይሰይመዋል። እንዲህ እያለ አንድ ዛፍ አሥር ስም ያወጣል። የሚብሰው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የተለያዩ ዛፎች በአንድ ስም ይጠራሉ። «ብራውን ተርኪ» በእንግሊዝ አንድ ዝርያ ነው፣ በካሊፎርኒያ ሌላ።

ስም መሳሳት ዓመታት ያስከፍላል። ተራ የሚባሉት በለሶች ያለ አበባ ብናኝ ፍሬ ያበስላሉ። የሰምርኔስ (ስሚርና) ወገን የሚባሉት በለሶች ግን የአበባ ብናኝ የምታመጣላቸው አንዲት ትንሽ ተርብ ካልገባችባቸው ፍሬያቸው ጥሬውን ይረግፋል። ሾላም የራሱ ተርብ አለው፤ የሾላዋ ለበለሱ አትሆንም። ስሙን አምኖ የተከለ ሰው ውኃ እያጠጣ ሲጠብቅ ከርሞ፣ ፍሬው ሲረግፍ አፈሩን ይወቅሳል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ዛፉም አፈሩም ምንም አላጠፉም።

መፍትሔውን ጅማ በቡና ታውቀዋለች። 74110 የሚባለው ቡና የቡና ፍሬ በሽታን እንዲቋቋም ከተመረጡት አንዱ ሲሆን፣ መነሻው ላይ ያለው 74 የተመረጠበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ቁጥር አያምርም፤ ግን ከየት ተነስቶ እንደመጣ መዝገብ ያስገኛል። ለእኔ ይህ ከሚያምር ስም ይበልጣል።

በለስ የምትለዋወጡ ሰዎች፣ የማታውቁትን ስም አትገምቱ። ከማን ግቢ፣ በየትኛው ወርና ዓመት እንደተቆረጠ ጻፉበት። የሰጪው ስም ያልተረጋገጠ ከሆነም «እንዲህ ተብሎ የተሰጠኝ» በሉ። ቅጠሉ ቢጫ ዥንጉርጉር ከሆነ ዛፍ አትቁረጡ፤ የሞዛይክ በሽታ ከቁራጩ ጋር አብሮ ይጓዛል። መለያውን ደግሞ በእርሳስ ጻፉት፤ የጅማ ክረምት የእስክሪብቶ ቀለም አያስቀርም።