የግል ብራንድ በሥራ ዓለም

የግል ብራንድ ማለት አንድ ባለሙያ ምን እንደሚችል፣ በምን እንደሚታመንና ከሌላው በምን እንደሚለይ ሰዎች በአእምሯቸው የሚይዙት ሥዕል ነው፤ ሥዕሉን ሆን ብሎ የመቅረጹም ሥራ በዚሁ ስም ይጠራል። በአማርኛ ቁርጥ ያለ አቻ አላገኘም። «የግል መለያ» የሚሉ አሉ፤ አሠልጣኞች ግን «ፐርሰናል ብራንዲንግ»ን እንዳለ መጠቀም ይወዳሉ። ከሁሉም የሚቀርበው «ስም» የሚለው አሮጌ ቃላችን ነው፤ «በሥራው ስም ያለው» ሲባል ማብራሪያ የሚጠይቅ የለም። ብራንድ የሚለው ቃል ራሱ መነሻው ማቃጠል ነው፦ በጋለ ብረት የከብትን ቆዳ ተኩሶ ባለቤቱን ከማሳወቅ ወደ ሸቀጥ፣ ከሸቀጥም ወደ ሰው ተሻገረ።

ታሪክ (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)

ራስን ለአሠሪ አሳምሮ ማቅረብ ከስያሜው በብዙ ዘመን ይቀድማል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ነው። በ1482 ገደማ ለሚላኑ ገዥ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ባዘጋጀው ደብዳቤ ለመሸከም የሚቀል ድልድይ፣ በከበባ ጊዜ የምሽጉን ዙሪያ ውሃ የሚያደርቅበት ዘዴ፣ መድፍና የተሸፈነ ሠረገላ እየቆጠረ ይዘረዝራል፤ ሥዕል መሣሉን የሚያነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ገዥው ምን እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ አስቦበታል። እጃችን ላይ ያለው ቅጂ በራሱ የእጅ ጽሑፍ አይደለም ይባላል፤ ሐሳቡ የእሱ መሆኑን ግን አብዛኞቹ ይቀበላሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ምዕተ ዓመታት እንዝለላቸው። በ1981 የማስታወቂያ ባለሙያዎቹ አል ሪስና ጃክ ትራውት ሸቀጥ በገዢው አእምሮ ውስጥ ስለሚይዘው ቦታ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ራስንና የሥራ ሕይወትን የሚመለከት ምዕራፍ ጨመሩበት።

ስያሜው የታወቀው ግን በ1997 ነው። አሜሪካዊው የአስተዳደር ጸሐፊ ቶም ፒተርስ በፋስት ካምፓኒ መጽሔት የኦገስትና ሴፕቴምበር እትም፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ኩባንያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ትልቁ ሥራውም ራሱን እንደ ብራንድ ገበያ ላይ ማዋል ነው ሲል ጻፈ። ጊዜው ትርጉም አለው። ቀደም ባሉት ዓመታት ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች በብዛት ሠራተኛ ቀንሰው ነበር፤ አንድ ቦታ ተቀጥሮ እዚያው ጡረታ የመውጣት ተስፋም ሳስቷል። የድርጅቱ ስም ጥላ መሆኑ ሲቀር ሰው የራሱን ስም መያዝ ግድ ሆነበት።

ሜይ 5 ቀን 2003 ባለሙያዎች የሥራ ታሪካቸውን የሚያሳዩበትና የሚተዋወቁበት ድረ ገጽ፣ ሊንክድኢን፣ ሥራ ጀመረ። መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ሥራ ሲፈለግ ብቻ ይወጣ የነበረው ሲቪ ቀንም ሌሊትም የማይዘጋ ገጽ ሆነ። ማይክሮሶፍት በ2016 ኩባንያውን በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲስማማ የሰዎች የሥራ ታሪክ ክምችት ስንት እንደሚያወጣ ታየ። በየሙያውም የየራሱ መድረክ መጣ፤ ለንድፍ ባለሙያዎች ቢሃንስ (2005)፣ ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች ጊትሃብ (2008)፣ ለተመራማሪዎች ኦርኪድ (2012)። ኦርኪድ ማንንም አያሞግስም፤ የሞክሼዎች ሥራ እንዳይቀላቀል ለእያንዳንዱ ተመራማሪ ባለ16 አኃዝ መለያ ይሰጣል። ከሁሉም ሐቀኛው የግል ብራንድ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አሠራሩ

ስለ አሠራሩ ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከማኅበረሰብ ጥናት ነው። ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ በሚያውቁት ሰው በኩል አዲስ ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን ከዚያ ሰው ጋር ምን ያህል ይገናኙ እንደነበር ጠየቀ። አዘውትረን ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ናቸው፤ 55.6 በመቶው አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶው ከስንት አንዴ ነው አሉ። በ2022 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣና ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ለአምስት ዓመት ያካተተ ሙከራ፣ ሥራ ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ በሩቅ ትውውቅ በኩል ይመጣል የሚለውን ሐሳብ ደገፈው፤ ትንሽም አቃናው፦ ይበልጥ የሚጠቅመው በመጠኑ የላላ ትውውቅ ነው።

የሥራ አማካሪዎች (ይህን የሚጽፈውም ከእነሱ ወገን ነው) ቁጥሩ ከመታወቁ በፊትም በልምድ የያዙት ነገር እዚህ ላይ ይገጥማል። የቅርብ ወዳጅ ሥራችንን ስለሚያውቅ ማብራሪያ አይፈልግም። በዓመት አንዴ የምናገኘው ሰው ግን ስለ እኛ የሚይዘው ቢበዛ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ክፍት ቦታ ሲሰማ የሚያነሳውም እሷኑ ነው። «ታታሪ፣ ልምድ ያለውና በቡድን መሥራት የሚችል የሒሳብ ባለሙያ» የሚለው ለማንም ስለሚሆን ለማንም አይታወስም። «የመጋዘን ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ሲል የሚጠሩት ሒሳብ ሠራተኛ» ግን ጆሮ ላይ ይቀራል። ዓረፍተ ነገሯን ራሳችን መርጠን ካልሰጠን ሌላው የራሱን ያበጅልናል።

ቀሪው ሥራ አሰልቺ ነው። ስም በላቲን ፊደል ዲግሪው ላይ አንድ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሌላ፣ ገጹ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሆኖ ከተጻፈ ፈላጊው ሦስት ሰው ያገኛል፤ አንዱን መርጦ በሁሉም ቦታ መጠቀም ከማንኛውም የተዋበ ፎቶ ይበልጣል። በየቀኑ መጻፍ ግዴታ ነው የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ አንድ የተጠናቀቀ ሥራ፣ ችግሩ ምን እንደነበርና እንዴት እንደተፈታ ተብራርቶ ሲቀመጥ፣ ከሠላሳ ቀን ምክር ይሻላል።

ትችት

ዳንኤል ሌር፣ ኬቲ ሱሊቫንና ጆርጅ ቼኒ በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ አስተሳሰቡ ሰውን እንደ ሸቀጥ እንዲታሸግ ይገፋዋል፣ በፆታ፣ በዘርና በመደብ የሚመጣውን የዕድል ልዩነትም ይሸፍናል ሲሉ ሞግተዋል። ትችቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ ምንም እንኳ ጥሩ አማካሪ ዘንድ የሄደ ሰው ሲታሸግ ባይታይም።

ሌላው ክርክር የቆየ መረጃን ከስም ላይ ማስነሳትን ይመለከታል። ሜይ 13 ቀን 2014 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ ሰዎች ጊዜ ያለፈበት መረጃ በስማቸው ሲፈለግ ከሚመጣው ውጤት እንዲነሳላቸው ጉግልን መጠየቅ እንደሚችሉ ወሰነ። አቤት ባዩ ስፔናዊ ሲሆን፣ ያቤቱታው መነሻ በ1998 ጋዜጣ ላይ የወጣ የዕዳ ሐራጅ ማስታወቂያ ነበር። ሰውየው ረታ፤ ማስታወቂያው ከጋዜጣው ማኅደር አልወጣም፤ ዕዳውም በሕግ ትምህርት ክፍሎች እስከ ዛሬ ከነስሙ ይነሳል።